ዱቄት የፈነዳ ቀን

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ድሮም ያስቸግረኛል። አሰላ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ደግሞ አየር ሲናወጥ በውስጡ የተበተነው ብናኝ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ተማሪዎቼ «አሰላ ተቀምጣ የምታሰላ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «አቧራ ነው የምታጠናው» ብላ ትገላገላለች። ከሁሉም የእሷ ለእውነቱ ይቀርባል። አየር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል። ትልቁ አዙሪት ትንሽ አዙሪት ይወልዳል፣ ትንሹም ከሱ ያነሰ። በዚያ መሃል ጭስ ወይም ዱቄት ካለ፣ አዙሪቱ አንዱን ቅንጣት ወደ ጥግ ይወረውረዋል፣ ሌላውን ይዞት ይዞራል። እኔ ያንን በስሌት እከታተላለሁ። አንዱን ስሌት እስኪጨርስ ድረስ ኮምፒውተሩ ሲያጓራ ይሰነብታል።

ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ እውነተኛ ብናኝ ያለበት ቤት ያስፈልገኝ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ኢተያ ላይ የዱቄት ፋብሪካ ነበራቸው። ፋብሪካ ይባል እንጂ ከፍ ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትልቅ ወፍጮ ቤት ነው፤ የአካባቢው ስንዴ በጋሪና በአይሱዙ እየመጣ ይራገፍበታል። ከአሰላ በሚኒባስ ቶሎ ስለሚደረስ መለኪያዎቼን ይዤ እመላለስ ጀመር።

አጎቴ እጃቸው ከአፋቸው የሚቀድም ሰው ነበሩ። በቤተሰባችን «ቁጣው ሲበርድ ማር ነው» ይባልላቸዋል፤ ማሩን የቀመስነው ግን ጥቂቶች ነን። እኔ ከቀመሱት መሃል ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህም ሆኖ አጠገባቸው ስቆም እስከ ዛሬ ትከሻዬ ይሸመቀቃል።

ወፍጮው ውስጥ ሰው ከሰው የሚተያየው እንደ ጉም ውስጥ ነበር። ብናኙን የሚመጠው ማሽን ተበላሽቶ ከቆመ ቆይቷል። መስኮቶቹንም አጎቴ በቆርቆሮ አስመትተዋቸዋል፤ የሜዳው ንፋስ እየገባ ዱቄቱን ያባክናል ብለው ነው። ሠራተኞቹ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ነው። ከነሱ መሃል ሁለቱን ለመድኳቸው። አንደኛዋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የጆንያ አፍ የምትሰፋ ጠና ያለች ሴት ናት፤ መዝሙር በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ትሰፋለች፣ እኔ ስገባ በመርፌው ሰላም ትለኛለች። ሁለተኛው ማሽኑ ላይ የሚቆመው ከአርቦዬ የመጣ ሰው ነው። ኢተያ ከገባ ብዙም አልቆየም፣ በከተማው የሚያውቀው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አማርኛው ላይ ኦሮምኛውን እየቀላቀለ «በርሲስቱ» ይለኛል፣ መምህርት ማለቱ ነው። መለኪያዎቼን ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚሰቅልልኝ እሱ ነበር።

ስሌቱ ሲያልቅ የመጣልኝ ሥዕል ደስ አላለኝም። ስንዴውን በባልዲ ወደ ላይ የሚያወጣው ቺንጊያ ሲዞር አየሩን ይንጠዋል፤ የተናጠው አየር ዱቄቱን ሰብስቦ ጣሪያው ሥር ያከማቸዋል። ከላይ ያሉት ማገሮች ላይ የጣት ውፍረት ያህል ዱቄት ተኝቷል። ደቃቅ ዱቄት በአየር ላይ በደንብ ተበትኖ እሳት ካገኘ እንደሚፈነዳ ደግሞ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ላፕቶፔን ይዤ አጎቴ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ መስኮቱን ይክፈቱት። የብናኝ መምጠጫውንም ያሠሩት። ይሄ ነገር ይፈነዳል።»

«ምኑ?»

«ዱቄቱ።»

ከት ብለው ሳቁ። «ስሚ ልጄ፤ ሚስቴ በየቀኑ ዱቄት ታቦካለች። አንድም ቀን ፈንድታ አታውቅም።»

«የተኛው አይደለም ጋሼ፣ የተበተነው ነው።»

«ቆይ፣ ዱቄት ቤንዚን ነው እንዴ?»

ከቢሮው ስንወጣ የአርቦዬው ሰው አንዱን መስኮት ቆርቆሮውን ነቅሎ ከፍቶታል። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ጠዋት መለኪያ ሲሰቅልልኝ እየሳለ «እዚህ አየር የለም» ሲለኝ አደጋ እንዳለው ነግሬው ነበር። አጎቴ ሄደው በጥፊ አጮሉት። የጥፊው ድምፅ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ተሰማኝ፤ ከፊቱ ላይ ዱቄት ቦነነ። ሰውየው ጉንጩን ሳይይዝ ቀና ብሎ አያቸው። ጆንያ የምትሰፋዋ ሴት አቀርቅራ መስፋቷን ቀጠለች።

«ያዘዘህ ማነው?» አሉት።

ወደኔ አላየም። «ሙቀቱ ነው፣ ጌታዬ» አለ፣ መዶሻ አንሥቶም ቆርቆሮውን መልሶ መታው።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን ነው። ረፋድ ላይ ደርሼ መለኪያዎቼን ከማየቴ በፊት ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ገባሁ። ፊት ለፊቴ ስንዴ የጫኑ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ሻዬን ገና ከአፌ ሳላደርስ ከወፍጮው ውስጥ «ዱፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፤ ከባድ ጆንያ ከፎቅ የወደቀ ይመስላል። ሰዎች ዘወር አሉ። እኔ ብርጭቆውን ለቀቅኩት። መጀመሪያ ትንሿ ትፈነዳለች፣ ማገር ላይ የተኛውን ዱቄት አራግፋ ታወርደዋለች፣ ቀጥሎ የወረደው ሁሉ አንድ ላይ ይነድዳል። ይህንን ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር አይቼዋለሁ። ተነሥቼ «ውጡ! ከዚያ ቤት ውጡ!» ብዬ መጮህ ስጀምር ሁለተኛው ፈነዳ።

ጣሪያው ከግድግዳው ተነሣ። ከሥሩ ብርቱካናማ እሳት ተንከባሎ ወጣና ጥቁር ሆነ። የሻይ ቤቱ መስኮት ወደ ውስጥ ተበትኖ ፊቴን ቧጨረው። ቆርቆሮዎቹ እየተሽከረከሩ ወረዱ፤ አንዱ የጋሪ ፈረስ አንገት ላይ አርፎ ሸለቀቀው። ፈረሱ ደሙን እየረጨ፣ ጋሪውን ከነስንዴው እየጎተተ ገበያተኛው መሃል ገባ፤ ስንቱን እንደረገጠ አላውቅም። ለጥቂት ጊዜ ጆሮዬ ምንም አይሰማም ነበር። ሰዎች አፋቸውን ሲከፍቱ ብቻ አያለሁ።

ጆሮዬ ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል «ቦምብ!» የሚል ነው።

በዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ወሬ ይነፍሳል። ፍንዳታ የሰማ ሁሉ ሌላ ነገር አላሰበም፤ ቦምብ ነው፣ ቦምብ ደግሞ ወርዋሪ አለው። ወርዋሪው ይፈለግ ጀመር።

በዚያው ቅጽበት የአርቦዬው ሰው ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ነጭ ነበር፤ ነጩ ላይ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ደግሞ ቀይ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጨሳል። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይሮጣል፤ ከሻይ ቤቱ አጠገብ የውሃ በርሜል እንዳለ ያውቃል፣ ወደዚያ ነበር የሚሮጠው። ሕዝቡ ግን ከፍንዳታው የሚሸሽ የማያውቀውን ሰው ነው ያየው።

«ያዘው!» አለ አንዱ። «ቀባ!» አለ ሌላው በኦሮምኛ። ቃሉ ሁለት፣ ነገሩ አንድ ነው።

በርሜሉ ጋ ሳይደርስ በእግሩ ጠለፉት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለፖሊስ፣ ለዳኛ፣ ለእናቴም ተናግሬዋለሁ። በጫማ ረገጡት። በጋሪ አለንጋ ገረፉት፤ የተቃጠለው ቆዳው ከአለንጋው ጋር ተላጠ። አንድ በደንብ የለበሰ ሰው ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቶ ፊቱ ላይ ጣለው። ከዚያም ወደ ኋላ ብሎ ኮቱን አራገፈ። የሚማታው ሁሉ ያለቅስ ነበር ብል አልዋሸሁም። ይፈራል፣ ያለቅሳል፣ ይማታል።

ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ገባሁና ላዩ ላይ ወደቅሁ። «ዱቄት ነው! ቦምብ አይደለም፣ ዱቄቱ ነው የፈነዳው!»

አንዲት ሴት «አብራው ናት!» አለች። ወዲያው ዱላ ክንዴ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሕመሙ ሳይመጣ ድምፁን ሰማሁት። ከሥሬ ሰውየው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ትንፋሹ የተቃጠለ ዳቦ ይሸታል።

ያዳነን ፖሊስ ወደ ሰማይ የተኮሰው ጥይት ነው። ሕዝቡ ተበተነ። እሱን በካቴና አሰሩት፤ ካቴናውን ያጠለቁት የተቃጠለው የእጁ አንጓ ላይ ነው። እኔን አንድ የማውቀው ጋሪ ነጂ ደግፎ አነሣኝ።

ጆንያ የምትሰፋዋ ሴት በሩ አጠገብ ግድግዳ ተንዶባት ሞተች። ሲያወጧት ወፍራሙ የጆንያ መርፌ እጇ ላይ እንዳለ ነበር። አጎቴ ቢሮው ውስጥ ተቃጥለው ተገኙ፤ ፊታቸውና ሁለት እጃቸው ተልጧል፣ ነፍሳቸው ግን ተርፋለች። እሳቸውም የአርቦዬው ሰውም አሰላ ሆስፒታል ገቡ። አንዱ ዘመድ ከቦታል፣ ሌላው በር ላይ ፖሊስ ቆሞበታል።

አጎቴ መናገር ሲችሉ መጀመሪያ ያስጠሩት እኔን ሳይሆን ፖሊስን ነው። ክንዴን በጄሶ አስሬ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ነበር።

«እሱ ነው» አሉ፣ በፋሻው ቀዳዳ እየተነፈሱ። «በጥፊ መትቼው ነበር። ቂም ይዞ ነው ያቃጠለኝ። እሷም አይታለች፣ ጠይቋት።»

ፖሊሱ ወደኔ ዞረ።

«ጥፊውን አይቻለሁ» አልኩ። «ያቃጠለው ግን እሱ አይደለም። የተመታው መስኮት ስለከፈተ ነው።»

የፋሻው ቀዳዳ ወደኔ ዞረ። አጎቴ አጠገባቸው ያለውን የብረት ኩባያ በዚያ በተላጠ እጃቸው አንሥተው ወረወሩብኝ። ግንባሬን ሳተኝ፤ ከግድግዳው ነጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እሳቸው ግን ከሕመሙ የተነሣ እንደ ሕፃን ጮኹ፣ እኔም ሮጬ ነርስ ጠራሁላቸው።

ማታውኑ እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

«ወንድሜ ቆዳው ተልጦ ተኝቶ፣ አንቺ በላዩ ልትመሰክሪበት?»

«በላዩ አይደለም እማዬ። የሆነውን ነው የምናገረው።»

«የሆነውን ከተናገርሽ እሱ ይታሰራል። መስኮት ዘጋ፣ ማሽን አላሠራ፣ ሰው ሞተ ይባላል። ያስተማረሽ እኮ እሱ ነው!»

«ያ ሰውስ? ሽብርተኛ ተብሎ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርስ?»

«ያ ሰው የራሱ እናት አለችው፤ እሷ ታልቅስለት። እኔ የማለቅሰው ለወንድሜ ነው።» ብድግ ብላ ወጣች። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። በዚያ ቀን ግን ጠላኋት፣ እሷም ጠላችኝ። በአንድ ቤት እየኖርን ጾሙ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ሰላም ሳንባባል ከረምን።

ላፕቶፔን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ኢንስፔክተር ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ስሌቱን ከፈትኩለት። ቺንጊያው ይዞራል፣ አየሩ ይናጣል፣ ቅንጣቶቹ እንደ ንብ መንጋ ጣሪያው ሥር ይሰበሰባሉ። ቀይ የሆነው ብዙ ብናኝ ያለበት ነው፣ ሰማያዊው ጥቂት ያለበት ነው እያልኩ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው አየው።

«ያምራል» አለ። «እኔ ቤት ያለው ልጅም እንዲህ ያለ ጌም አለው፤ እዚያም ቤት ይፈነዳል። ይህንን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ተጠርጣሪውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው መምህርት፣ ይህንን ይዤ ዳኛ ፊት ብቀርብ ምን ይሉኛል? ኮምፒውተር ያዘዙትን ነው የሚያሳየው።»

ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ጌም ሲለው ደሜ ፈላ፤ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ግን ያለው ነገር ትክክል ነበር። ስሌት የሚያምነው ስሌት የሚያውቅ ሰው ነው። ለሌላው ሰው የሚቃጠለውን በዓይኑ ማሳየት ነበረብኝ። ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ትልቅ ባለ ክዳን የወተት ጣሳ፣ ሻማና ዱቄት ገዛሁ። ከሱቁ ጎን ያለው ጎሚስታ ቀጭን ቱቦ ሰጠኝ፣ ጣሳውንም ከታች በሳልኝ። ተመልሼ ጣሳውን የጣቢያው ግቢ መሃል አስቀመጥኩ፤ ዱቄት ጨምሬበት ሻማውን ውስጡ ለኮስኩና ክዳኑን ገጠምኩ። ፖሊሶቹ እየተሳሳቁ ከበቡኝ። አንዱ «መምህርቷ እንጀራ ልትጋግርልን ነው» አለ።

«ራቅ በሉ» አልኩና በቱቦው ነፋሁ።

ክዳኑ ከጣሪያው በላይ ሄደ። ጣሳው ተተረተረ፤ እሳቱ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ተወርውሮ ጠፋ። የቀለደው ፖሊስ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ሌላው መሣሪያውን አቀባብሏል። ኢንስፔክተሩ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ እጁ ግን ሽጉጡ ላይ ነበር። ክዳኑ መንገድ ላይ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማን።

«ያው የምንበላው ዱቄት ነው?» አለኝ።

«ያው ነው።»

ጎንበስ ብሎ ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የተረፈውን ዱቄት በጣቱ ቀመሰው። «ነገ ባለሙያ እስካመጣ ድረስ ሌላ ጣሳ አዘጋጂልኝ። አለቃዬም ይየው።»

ባለሙያዎች መጥተው ፍርስራሹን ገለባበጡት። የቦምብ ስብርባሪ አልተገኘም። ከላይኛው የቺንጊያ ማዞሪያ ላይ ቅባት ደርቆበት የቀለጠ ኩሽኔታ አገኙ፤ ግሎ እሳቱን የጫረው እሱ ነው። በዚያ ላይ በቆርቆሮ የተመቱት መስኮቶችና የቆመው መምጠጫ ተጨመሩ። ስሌቴ ያኔ ነው ጥቅም ላይ የዋለው፤ እሳቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ የባለሙያዎቹ መሪ ከግድግዳው ጥላሸት ጋር እያመሳከሩ ፍርድ ቤት አስረዱበት። እኔም ቆሜ መሰከርኩ። አጎቴ የተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ፊታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ቅንድብ የሌለው የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። ዳኛው ሲጠይቁኝ ስለ መስኮቱም ስለ ጥፊውም ተናገርኩ።

በቸልተኝነት ሰው ለሞት በማድረስ ተፈረደባቸው። ታስረው ወጡ። ዛሬ አሰላ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ የተቀመጥኩበትን ድንኳን ትተው ይወጣሉ። እናቴ ግን ከእኔ ጋር ታርቃለች። እንዴት እንደታረቅን ልናገር ብል አልችልም፤ አንድ ቀን ጄሶው የወጣለትን ክንዴን ይዛ በቅቤ ስታሸኝ ተገኘች፣ በዚያው ቀረ።

የአርቦዬውን ሰው የደበደቡት ሰዎች አልተከሰሱም። ኢንስፔክተሩ ጠይቆ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሃል አንድም ሰው አላየም። በደንብ የለበሰውን ሰው እኔ በኋላ መንገድ ላይ አየሁት፤ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሸንኮራ ያስግጣል። ለፖሊስ ጠቆምኩ፣ የሚደግፈኝ ምስክር ግን ጠፋና ተለቀቀ።

የአርቦዬው ሰው ካቴናው የተፈታለት ገና ሆስፒታል ሳለ ነው። አንድ ዓይኑ አልዳነም፣ የአንደኛው እጁ ጣቶች እንደተቆለመሙ ቀሩ። ወንድሙ መጥቶ ወደ አገሩ ወሰደው። ከፍርዱ በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ቤቱ ከአርቦዬ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ደጁ የገብስ ማሳ ነው። ሚስቱ እርጎ በትልቅ ጣሳ አቀረበችልኝ። እሱ በደህናው ዓይኑ በኩል እንድቀመጥ ቦታ አሳየኝ።

ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ጎረቤት ማሳ ላይ መውቂያ ማሽን ተነሣና መጮህ ጀመረ፤ ገለባው በንፋስ እየተገፋ ወደኛ መጣ። እሱ ብድግ ብሎ ወደ ቤት ገባ፣ ሚስቱም በሩን ከኋላው ዘጋችለት። ማሽኑ ፀጥ እስኪል ድረስ እኔና እሷ ውጭ ተቀመጥን።

ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። «በርሲስቱ» አለኝ፣ «ላዬ ላይ ስትወድቂ አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም። ሊገድለኝ የመጣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነከስኩሽ።»

እውነቱን ነው፤ ትከሻዬ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«አላመመኝም» አልኩት።

«አሞሻል» አለ። «ክፉ እንዳይመስልሽ። ቤቴ ቤትሽ ነው። ግን አንቺ ስትመጪ ያ ቀን አብሮሽ ይመጣል። ሚስቴ ትናገር፤ ትመጣለች ከተባለ ጀምሮ አልተኛሁም።»

ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። እርጎውን ጨርሼ ተነሣሁ። እሱ እስከ መንገዱ ሸኘኝ፣ ሚኒባሱ እስኪመጣም አብሮኝ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ለአረፋ እደውልለታለሁ፤ ስልኩን ሚስቱ ታነሣለች፣ ደህና መሆኑን ትነግረኛለች፣ ከኋላዋ ድምፁ ይሰማኛል።